ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር የሰውየው ቁጥር አይደለም፦ የጠረጴዛ ቤዝቦል እንዴት ነው የሚሠራው

ስለዚ ጨዋታ ለጓደኞቼ ሳወራ መጀመሪያ የሚሉኝ «ያው እንደ ፋንታሲ ነው አይደል?» ነው። አይደለም። ፋንታሲ ፕሪምየር ሊግ የሚጫወት ሰው የመረጠው አጥቂ ቅዳሜ ያገባል አያገባም ብሎ ነው የሚጠብቀው፣ ማለት ነጥቡ የሚመጣው ገና ካልተደረገ ጨዋታ ነው። የጠረጴዛ ቤዝቦል ተገላቢጦሹ ነው። ያለቀ ሲዝን ይወስዳል፣ የ1930ን በለው የ1968ን፣ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) እያንዳንዱን ተጫዋች አንድ አንድ ካርድ ይሰጠዋል፣ ከዛ ዳይስ እየተጣለ ሲዝኑ እንደ አዲስ ይጀመራል። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ዛሬ በህይወት የሉም፣ ጨዋታው ግን ዛሬ ማታ ነው።

እኔ ይሄን ነገር ያወቅኩት እዚ አሜሪካ ሥራ ቦታ ነው። አብሮኝ የሚሠራ ጡረታው የደረሰ አንድ ትልቅ ሰው አለ፣ ሰኞ ሰኞ ሲመጣ «ትናንት ዲትሮይት አሸነፈ» ምናምን ይለኛል፣ ወሩ ደሞ ጃንዋሪ ነው፣ በጃንዋሪ ቤዝቦል የሚባል ነገር የለም፣ ግራ ይገባኛል። አንድ ቀን ስጠይቀው የ1968 ዲትሮይት እንደሆነ ነገረኝና ቤቱ ጠራኝ። ቤዝመንቱ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ውስጡ አረንጓዴ ጨርቅ የተለጠፈበት ዝርግ ሳጥን አለ፣ ዳይሱ እንዳይንከባለልና እንዳይንኳኳ፣ አጠገቡ ሁለት ረድፍ ካርድ፣ በደንብ የተቀረጸ እርሳስ፣ ከዛ መደርደሪያው ሙሉ ክላሴር። እያንዳንዱ ክላሴር ውስጥ የተጫወታቸው ጨዋታዎች አንድ በአንድ በእጅ ተጽፈው ተቀምጠዋል። በ1968 ሁለቱ ትልልቅ ሊጎች (አሜሪካን ሊግና ናሽናል ሊግ) ውስጥ 20 ቡድን ነበር፣ እያንዳንዱ 162 ጨዋታ አለው፣ ስለዚ ሲዝኑ በሙሉ 1620 ጨዋታ ነው፣ በቀን አንድ ብትጫወት ከአራት ዓመት በላይ ይፈጃል ማለት ነው። እሱ ሐምሌ ወር ላይ ደርሷል። እንደሱ ሙሉ ሲዝን ደግመው የሚጫወቱ ሰዎች ደሞ አንድና ሁለት አይደሉም፣ ነገርየውንም «ሪፕሌይ» ነው የሚሉት።

እዚ ጋ ማብራራት የምፈልገው ካርዱን ነው። ዳይስ ሲባል ሰዉ እድል ብቻ ይመስለዋል፣ ዳይሱ ግን ቀላሉ ክፍል ነው፣ ከባዱ ነገር ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ከየት መጣ የሚለው ነው፣ እሱ ከገባህ እነዚ ሰዎች ለምን ዕድሜ ልካቸውን እንደማይሰለቻቸው ይገባሃል።

ቤዝቦል ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ ፒቸሩ ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ይመታል፣ በትክክል መትቶ ቤዝ (ሜዳው ላይ ያለ ማረፊያ ነጥብ) ላይ ከደረሰ «ሂት» ይባላል፣ ካልደረሰ «አውት» ይሆናል፣ ሦስት አውት ሲሞላ የቡድኑ ተራ ያልቃል። ኳሷን ከሜዳው አሻግሮ ከመታት «ሆም ራን»፣ ሦስቴ ስቶ ከወጣ «ስትራይክ አውት» ነው። ለኛ የሚያስፈልገን ቁጥር አንድ ብቻ ነው፣ ባቲንግ አቨሬጅ። 10 ጊዜ ሞክሮ 3ቴ ሂት ያገኘ ሰው .300 ይባላል፣ «ሦስት መቶ መታ» ነው የሚሉት። ሦስት መቶ የሚመታ ሰው ጎበዝ ነው። ከአስሩ ሰባቱ የከሸፈበት ሰው ጎበዝ የሚባልበት ስፖርት ነው፣ ይሄን ያዙት።

ለምን ቤዝቦል ነው ለጠረጴዛ የተመቸው? እግር ኳስ ላይ 22 ሰው በአንዴ ይንቀሳቀሳል፣ ጎሉ የማን እንደሆነ ራሱ ስታስበው አስቸጋሪ ነው፣ አቀባዩ አለ፣ ተከላካይ ጎትቶ ቦታ የከፈተው አለ። ቤዝቦል ግን ተቆራርጦ ነው የሚመጣው፣ አንድ ወርዋሪ ለአንድ መቺ፣ ውጤት፣ ቆመ፣ እንደገና። ደሞ ሁሉም ነገር ይጻፋል። ሄንሪ ቻድዊክ የሚባል ጋዜጠኛ በ1859 የአንድን ጨዋታ ውጤት በሰንጠረዥ ማስቀመጥ ከጀመረ ወዲህ አሜሪካኖች ቤዝቦልን መመዝገብ አላቆሙም። ሜዳው ላይ ያለ እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር አለው፣ ፒቸር 1፣ ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳሷን የሚቀበለው) 2፣ የመጀመሪያው ቤዝ ጠባቂ 3፣ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል የሚቆመው) 6፣ ስለዚ ወረቀት ላይ «6-3» ተብሎ ካየህ ኳሷ መሬት ለመሬት ወደ ሾርትስቶፑ ሄዳ፣ እሱ አንስቶ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ወርውሮ መቺውን አስወጣው ማለት ነው። በሁለት ቁጥር አንድ ሙሉ ትዕይንት። በ1989 ደሞ ዴላዌር ውስጥ ሬትሮሺት የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ተጀመረና ሰዎች የድሮ ጨዋታዎችን ወረቀት ከየክለቡና ከየጋዜጣው እየሰበሰቡ እያንዳንዷን ምት ሳይቀር መዝግበው ለሁሉም በነጻ ለቀቁት፣ ለካርድ ሠሪዎቹም ለተጫዋቾቹም ትልቅ ሀብት ነው የሆነው።

አሁን ወደ ካርዱ። በ1941 ኤታን አለን የሚባል ራሱ በትልቁ ሊግ የተጫወተ ሰው ያወጣው አንድ ጨዋታ ነበር። እያንዳንዱ ተጫዋች ክብ ካርቶን አለው፣ ካርቶኑ እንደ ተቆራረጠ ዳቦ ተከፋፍሏል፣ መሃል ላይ ቀስት ታሽከረክራለህ፣ ቀስቷ ያረፈችበት ቁራሽ ነው ውጤቱ። ሆም ራን የሚያበዛ ሰው የሆም ራን ቁራሹ ሰፊ ነው። ቆንጆ ሀሳብ ነው፣ ብዙ ልጅ ያደገበት ነው፣ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፣ ፒቸሩ ማንም ይሁን ማን ለውጥ የለውም። የዓለም ምርጡ ወርዋሪ ፊትህ ቢቆምም የምታሽከረክረው ያው የራስህን ቀስት ነው።

ሁለተኛው መንገድ አፕባ የሚባለው ነው። ዊስኮንሲን ግዛት ግሪን ቤይ የነበረ ክሊፎርድ ቫን ቢክ የሚባል ሰው በ1930 አካባቢ አንድ የዳይስ ቤዝቦል አውጥቶ ነበር፣ ብዙ አልቆየም፣ ግን ፔንስልቬንያ ውስጥ ዲክ ሳይትስ የሚባል ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ይሄን ጨዋታ ይዘው ለራሳቸው ሊግ መሠረቱበት፣ ሊጉ በእንግሊዝኛ ሲጠራ አጭር ስሙ አፕባ ይሆናል፣ በኋላ በ1951 ሳይትስ ላንካስተር ከተማ ሆኖ የራሱን አሻሽሎ በፖስታ መሸጥ ሲጀምር ስሙን እንዳለ አስቀረው። አጨዋወቱ ሁለት ዳይስ ነው፣ አንዱ ትልቅ ቀይ፣ አንዱ ትንሽ ነጭ፣ አትደምራቸውም፣ ቀዩ አስር ቤት ነጩ አንድ ቤት ሆነው ይነበባሉ፣ ከ11 እስከ 66 ድረስ 36 ውጤት ይመጣል። ያንን መቺው ካርድ ላይ ስታይ ሌላ ቁጥር ታገኛለህ፣ ያንን ቁጥር ደሞ ቤዝ ላይ ማን እንዳለ ታይቶ ከሰንጠረዥ ታነባለህ። ፒቸሩ ኤ ቢ ሲ ዲ የሚል ደረጃ አለው፣ ደረጃው ከፍ ያለ ከሆነ አንዳንዱ ሂት የነበረው ወደ አውት ይቀየራል። የአፕባ ሰዎች ሰንጠረዡን በቃላቸው ነው የሚያውቁት፣ 13 ስትል ስትራይክ አውት እንደሆነ፣ 14 ስትል ያለ ምት ወደ ቤዝ መሄድ እንደሆነ ሳያዩ ይነግሩሃል፣ ጉልበተኛ መቺ ቆሞ 66 ከወጣ ደሞ ሰንጠረዡን የሚከፍት የለም፣ ሆም ራን እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል።

ሦስተኛው ነው እኔን የያዘኝ፣ ስትራት ኦ ማቲክ፣ ሰዉ «ስትራት» ነው የሚለው። ሃል ሪችማን የሚባል የኒው ዮርክ ልጅ በ1948፣ የ11 ዓመት ልጅ እያለ፣ በነበሩት ጨዋታዎች አልረካ ብሎ በዳይስ የራሱን መሥራት ጀመረ። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሂሳብ ተማረና በ1961 ጨዋታውን 80 የተመረጡ ተጫዋቾች ይዞ አወጣው። እሱ ያመጣው ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው፣ ፒቸሩም ካርድ ይኑረው፣ የመቺው ካርድና የፒቸሩ ካርድ እኩል ይናገሩ።

እንዲህ ነው። ሦስት ዳይስ አለህ፣ አንዱ ነጭ ነው እንበል። ነጩ 1፣ 2 ወይም 3 ከወጣ የመቺው ካርድ ነው የሚነበበው፣ 4፣ 5 ወይም 6 ከሆነ የፒቸሩ። ካርዱ ላይ ሦስት ዓምድ አለ፣ ነጩ ዓምዱን ይመርጥልሃል፣ የቀሩትን ሁለቱን ትደምራቸዋለህ፣ ከ2 እስከ 12 ያለውን መስመር ታነባለህ። ሉዶ የተጫወተ ሰው ይገባዋል፣ ሁለት ዳይስ ሲደመር 7 ብዙ ጊዜ ይመጣል፣ 2 እና 12 ግን ብርቅ ናቸው። ከ36 መንገድ ውስጥ 7 ስድስት መንገድ አለው፣ 2 አንድ ብቻ። ስለዚ በሦስቱ ዳይስ በጠቅላላ 216 መንገድ አለ፣ 108ቱ የመቺው፣ 108ቱ የፒቸሩ፣ ካርድ ሠሪው ሥራው እነዚህን 216 ቦታዎች ልክ እንደ መሬት መሸንሸን ነው፣ ሆም ራን የትኛው መስመር ላይ ይተኛ፣ ስትራይክ አውት የትኛው ላይ። ያ አልበቃ ሲል አንዱን መስመር ራሱን ይከፍለዋል፣ «ከ1 እስከ 8 ሆም ራን፣ ከ9 እስከ 20 ሁለት ቤዝ» ተብሎ ይጻፋል፣ ያኔ ባለ 20 ፊት ዳይስ ትጥላለህ። ድሮ ባለ 20 ፊት ዳይስ እንደልብ ሳይገኝ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ትንንሽ ካርዶች ነበር የሚገለበጡት።

ፒቸሩ ካርድ ላይ ደሞ ውጤት የሌለባቸው መስመሮች አሉ፣ ኤክስ የተጻፈባቸው፣ ለምሳሌ ኳሷ ወደ ሾርትስቶፑ ሄዳለች፣ ምን እንደሆነች ግን ገና አልታወቀም። ያኔ ሾርትስቶፑ ማነው ተብሎ ይታያል። እያንዳንዱ ጠባቂ ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው፣ 1 ምርጡ ነው፣ ሌላ ዳይስ ተጥሎ ሰንጠረዥ ይታያል፣ ባለ 1 ከሆነ አብዛኛው ጊዜ ይይዛታል፣ ባለ 4 ከሆነ ግን ብዙዋ ታልፈዋለች። እንደነ ኦዚ ስሚዝ ያሉ በመምታት ያልታወቁ በእጃቸው ግን ተአምር የሠሩ ሰዎች ዋጋቸው የሚታየው እዚ ነው። የአሜሪካ ክረምት በመጣ ቁጥር አዲስ ካርድ ሲወጣ ትልቁ ክርክር ራሱ እሱ ነው፣ ማን 1 ሆነ፣ ማን ከ1 ወደ 2 ወረደ፣ ሰዉ በሆም ራን አይጣላም፣ ሆም ራኑ የተቆጠረ ነው፣ በጥበቃ ደረጃ ግን ሲከራከር ያድራል ምክንያቱም እሱ ቁጥር ብቻ አይደለም፣ የዓይን ፍርድም አለበት።

አሁን ዋናው ነገር። የሊጉ አማካይ .250 ነው እንበል፣ አንድ ሰው ደሞ .300 መታ። ካርዱ ላይ ስንት እንጻፍለት? .300 ብንል ተሳስተናል። ለምን፣ ግማሹ ጊዜ ከሱ ካርድ ይነበባል፣ .300፣ ግማሹ ጊዜ ከፒቸሮቹ ካርድ ይነበባል፣ እነሱ ባማካይ .250 ናቸው፣ ስለዚ ሲዝኑ ሲያልቅ .275 ነው የሚመታው። ሰውየውን ዘረፍነው። እውነተኛው .300 እንዲመጣ ካርዱ .350 መሆን አለበት፣ ያኔ .350 እና .250 ለሁለት ሲካፈል .300 ይሆናል። በተቃራኒው .200 ብቻ የመታ ደካማ ሰው ካርዱ .150 ነው መሆን ያለበት። ማለት ሰውየው ያገኘው ውጤት ውስጥ የፒቸሮቹ ድርሻ አለበት፣ ካርዱ ያንን የሰው ድርሻ አውጥቶ የሱን ብቻ ነው የሚያስቀረው። (የእውነቱ አሠራር ከዚ የረቀቀ ነው፣ ሜዳው ሰፊ ነው ጠባብ፣ ፒቸሩ በግራ እጁ ነው በቀኝ የሚወረውረው፣ ሁሉም ይገባል፣ መሠረቱ ግን ይሄ ነው።)

እስቲ በእውነተኛ ሰዎች እንየው። በ1968 ፒቸሮች የነገሡበት ዓመት ነበር፣ አሜሪካን ሊግ ውስጥ ያሉ መቺዎች በሙሉ ተደምረው .230 ብቻ ነው የመቱት፣ ከሁሉም በላይ የመታው ካርል ያስትሬምስኪ የሚባለው የቦስተን ሰው ነው፣ እሱም .301። በታሪክ ከሱ ባነሰ ቁጥር አንደኛ የወጣ የለም። በ1930 ደሞ ናሽናል ሊግ ሙሉው ሊግ በአማካይ .303 መታ፣ ሙሉው ሊግ! አንደኛው ቢል ቴሪ .401 ነበር። ስለዚ የያስትሬምስኪ .301 በ1930 ቢሆን ከአማካይ በታች ነበር፣ ማንም ስሙን አያነሳውም። ወደ ካርድ ስንቀይረው፣ ያስትሬምስኪ ሁለት ጊዜ .301 ሲቀነስ .230፣ .372 ይመጣል። በ1930 .301 የመታ ሰው ግን ሁለት ጊዜ .301 ሲቀነስ .303፣ .299 ነው። ጋዜጣ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት ሰዎች፣ ካርድ ላይ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። መጀመሪያ ይሄን ወረቀት ላይ ሳሰላው እጄን ራሴ ላይ ጭኜ ነው የቀረሁት፣ ምክንያቱም ሰዎች «እገሌ ይሄን ያህል መታ» ሲሉ ሰምቼ ዝም ብዬ ቁጥሩን ነበር የማወዳድረው።

ፒቸርም እንደዛው ነው። የዛ ዓመት የሴንት ሉዊሱ ቦብ ጊብሰን የቆሙበትን መቺዎች .184 ብቻ ነው ያስመታቸው፣ የሱ ሊግ አማካይ .243 ነበር፣ ስለዚ ካርዱ ሁለት ጊዜ .184 ሲቀነስ .243፣ .125 ይሆናል። በቃ ካርዱ ደረቅ ነው፣ ከሱ ዓምድ ላይ ሂት ፍለጋ ዓይንህ ይደክማል። ያስትሬምስኪና ጊብሰን በ1968 አልተገናኙም፣ ሊጋቸው የተለያየ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ታገናኛቸዋለህ፣ .372 እና .125 ለሁለት ሲካፈል .248 ገደማ ይመጣል፣ የዓመቱ ምርጥ መቺ የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ ፊት ሲቆም ተራ ሰው ይሆናል። ሊጉም የ1968ን ነገር አይቶ በሚቀጥለው ዓመት ፒቸሩ የሚቆምበትን ጉብታ ከ15 ኢንች ወደ 10 ኢንች አወረደው።

ይሄ ሁሉ ተሰልቶ ግን ዳይስ ዳይስ ነው። አዲስ የገባ ሰው ሁሌ የሚያማርረው አንድ ነገር አለ፣ «ሰውዬው በእውነቱ .300 መትቶ እኔ ጋ .275 መታ፣ ካርዱ ተበላሽቷል» ይላል። አልተበላሸም። አንድ ሰው በሲዝን 600 ጊዜ ያህል ይሞክራል፣ ትክክለኛ .300 የሆነ ካርድ ይዘህ 600 ጊዜ ብትጥል ከሦስት ሲዝን በሁለቱ ከ.281 እስከ .319 ባለው ውስጥ ያርፋል፣ በሦስተኛው ከዛም ይወጣል፣ ይሄ የሂሳብ ጠባይ ነው። እኔን ከዚ በላይ የገረመኝ ደሞ የሚቀጥለው ሀሳብ ነው፣ የእውነቱ ሲዝንስ? እሱም አንድ ጊዜ ብቻ የተጣለ ዳይስ አልነበረም ወይ? ያ በ1968 .301 የመታ ሰው ያው ጉልበቱ ያው ዓይኑ ሆኖ ነፋሱ ትንሽ ቢዞር .285 ሊመታ ይችል ነበር። ሪፕሌይ የሚያደርጉት ሰዎች ይሄን በደንብ ነው የሚያውቁት፣ የሚጫወቱትም ታሪኩ እንዲደገምላቸው ብቻ አይደለም፣ ሊሆን ይችል የነበረውን ማየት ይፈልጋሉ።

ብቻውን የሚጫወት ሰው ደሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ዳይስ አይደገምም። የምትወደው ቡድን ቢሸነፍም አይደገምም። ዳይሱ ተንጋዶ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ከተደገፈ ምን እንደሚደረግ ሲዝኑ ከመጀመሩ በፊት ይወሰናል፣ መሃል ላይ አይወሰንም። ሰውየው ማንም በሌለበት ቤዝመንት ውስጥ የሚወደው ዲትሮይት ሲሸነፍ አይቻለሁ፣ ትንፋሽ ወስዶ ጻፈው፣ ቀጠለ። ማንም አያየውም እኮ።

በሊግ የሚጫወቱት ጋ ደሞ መተማመኑ ይከብዳል። ኢንተርኔት ሳይኖር በፖስታ ነበር ሊግ የሚካሄደው። አንተ ኦሃዮ እኔ ቴክሳስ ነን እንበል፣ ጨዋታው እኔ ሜዳ ከሆነ አንተ መመሪያ ጽፈህ ትልክልኛለህ፣ ማን ይጀምራል፣ ፒቸሩ ሲደክም ማን ይግባ፣ መቼ ቤዝ እንሰርቃለን፣ እኔ ደሞ ቤቴ ቁጭ ብዬ ያንተንም የኔንም ቡድን እጫወታለሁ፣ ዳይሱን የምጥለው እኔ፣ የምጽፈው እኔ፣ ከዛ ተሸንፌ ከሆነ ተሸነፍኩ ብዬ ወረቀቱን በፖስታ እልክልሃለሁ። እንደዚ ሆኖ ለዓመታት የቆዩ ሊጎች አሉ፣ አባላቱ ፊት ለፊት ሳይተያዩ ማለት ነው። አሁን በኮምፒውተርና በቪዲዮ ይቀላል፣ ግን በአካል ተገናኝተው፣ መኪና ነድተው ሄደው ሙሉ ቅዳሜ የሚጫወቱም ሞልተዋል።

ሊግ ውስጥ መጀመሪያ የሚማሩት ህግ የአጠቃቀም ገደብ ነው። አንድ ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ተጠርቶ 20 ጊዜ ሞክሮ 9 ሂት አገኘ እንበል፣ .450 ነው፣ ካርዱ እሳት ነው። ይሄን ልጅ 162 ጨዋታ ብታሰልፈው ሊጉ ይበላሻል፣ ምክንያቱም ያ .450 የ20 ሙከራ ዕድል እንጂ የልጁ ችሎታ አይደለም። ስለዚ በእውነቱ የሞከረውን ያህል ወይም ትንሽ ከፍ አድርገህ ብቻ ነው የምታስገባው። ጥሩ አሰልጣኝ ያቺን 20 ሙከራ ቆጥቦ ለወሳኝ ሰዓት ያስቀምጣታል፣ ወንበር ላይ ያለው ተራ ሰው የሚከበርበት ጨዋታ ነው የምለው ለዚ ነው።

ስትራት ቢሮው ሎንግ አይላንድ ግሌን ሄድ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው ያለው፣ አዲሱ ካርድ የሚወጣበት ቀን ሰዎች በክረምት ብርድ ከሌላ ግዛት ሳይቀር ነድተው መጥተው በር ላይ ይሰለፉ ነበር፣ በፖስታ ሁለት ቀን ቆይቶ እንደሚደርስ እያወቁ። በ1981 ደሞ ተጫዋቾቹ ከሰኔ እስከ ሐምሌ መጨረሻ አድማ መትተው ሊጉ ቆመ፣ የኮከቦቹ ጨዋታ ክሊቭላንድ ላይ ሊደረግ ታስቦ በቀኑ ሳይደረግ ቀረ፣ ያኔ እዛው ባዶ ስታዲየም ውስጥ ጨዋታውን በስትራት ካርድና በዳይስ አደረጉት። በ2020ም ኮቪድ ሜዳውን ሲዘጋው ድርጅቱ በየቀኑ የዕለቱን ጨዋታዎች እያስመሰለ ውጤት ያወጣ ነበር፣ ቤት የተዘጋበት ሰው ያንን ይጠብቅ ነበር።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው በ2009 ያወጡት ስብስብ ነው፣ የኔግሮ ሊግ ኮከቦች። ከ1880ዎቹ መጨረሻ እስከ 1947 ድረስ ጥቁር ተጫዋች ትልቁ ሊግ ውስጥ አይገባም ነበር፣ የራሳቸው ሊግ ነበራቸው፣ ጋዜጦቹ ጨዋታቸውን አንዳንዴ ይጽፋሉ አንዳንዴ ይተዋሉ፣ ስለዚ ካርድ ለመሥራት መጀመሪያ ቁጥሩን ከአሮጌ ጋዜጣ ፈልጎ ማውጣት ያስፈልግ ነበር፣ ስኮት ሲምከስ የሚባል አጥኚ ነው ያንን የለፋበት። ከመቶ በላይ ሰው ካርድ አገኘ። ጆሽ ጊብሰን አንዱ ነው፣ ካቸር፣ ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባለው ቡድን። ዲሲ ያላችሁ ሀበሾች ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለውን ሀዋርድ ሆስፒታል ታውቁታላችሁ፣ ድሮ ቦታው ግሪፊት ስታዲየም ነበር፣ ጆሽ ጊብሰን ለግሬይስ ሆም ራን ይመታ የነበረው እዛ ነው፣ ከዩ ስትሪት ሬስቶራንቶቻችን በእግር የሚደረስ ቦታ ማለት ነው። ጥር 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ፣ ያንን አጥር የሰበረው ጥቁር ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን ትልቁ ሊግ የገባው ሚያዝያ ላይ ነው፣ ሦስት ወር። ትልቁ ሊግ የነዚህን ሰዎች ሊግ እኩል አድርጎ የተቀበለው በ2020 መጨረሻ ነው፣ ቁጥራቸው ከሌላው ጋር የተቀላቀለው ደሞ በግንቦት 2024፣ ያኔ ጆሽ ጊብሰን በዕድሜ ልክ ባቲንግ አቨሬጅ በ.372 እስከዛ አንደኛ የነበረውን ታይ ኮብን አልፎ የዘመናት ሁሉ አንደኛ ሆነ። እነዚ ካርድ የሚጫወቱ ሰዎች ግን ከዛ በፊት ከአስር ዓመት በላይ ጆሽ ጊብሰንን ከሁሉም ጋር እኩል ሲያሰልፉት ነበር።

ከዘመን ዘመን ሲቀላቀል ይሠራል ወይ ለሚል፣ ቅድም ያየነው ሂሳብ እዚም ያግዛል፣ ካርዱ ሰውየው ከዘመኑ ሰዎች ምን ያህል እንደሚበልጥ ስለያዘ ሁለት ዘመን ስታገናኝ ጨዋታው ከሁለቱ መሃል ላይ ይቀመጣል። የ1930ው ቢል ቴሪ ካርድ .499 ነው፣ የ1968ቱ ጊብሰን .125፣ መሃሉ .312። ማንም አላዘዘውም፣ ቁጥሩ ራሱ ሄዶ እዛ ያርፋል።

ባለፈው ሳምንት ሰውየው የ1968ን ክላሴር ዘጋና «ዛሬ አንተ ምረጥ» አለኝ። ጆሽ ጊብሰን ቦብ ጊብሰን ፊት እንዲቆም ፈለግኩ። ጆሽ የሞተው ቦብ ገና የ11 ዓመት ልጅ እያለ ነው፣ ሁለቱም ጊብሰን ናቸው፣ ዝምድና የላቸውም። ሁለት አውት ነው፣ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ሰው አለን። ዳይሱን እኔ ነኝ የጣልኩት። ነጩ 5 ወጣ፣ ስለዚ የሚነበበው ካርድ ከወርዋሪው ወገን ነው። መስመሩን በጣቱ ወረደና ኤክስ ላይ ቆመ፣ መሬት ለመሬት ወደ ሾርትስቶፑ። ሾርትስቶፑ የቦብ ጊብሰን የቡድን ጓደኛ ዳል ማክስቪል ነው፣ በዛው በ1968 የወርቅ ጓንት (ለምርጥ ጠባቂ የሚሰጥ ሽልማት) የተሸለመው። ባለ 20 ፊቱን እሱ ጣለ፣ ሰንጠረዡን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዛ እርሳሱን አንስቶ 6-3 ብሎ ጻፈ።